ሒሳብ ለወንድ ብቻ ነውን? የዶክተር ካትሊን ኦለረንሾ ሕይወት ምን ያስተምረናል?

ልጅዎ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ደብተሯን እየዘረጋች፣ «እማዬ፣ ሒሳቡ አልገባኝም» ብትልዎ ምን ይሏታል? ብዙዎቻችን ሳናስበው፣ «ግድ የለሽም ልጄ፣ ሒሳብ የወንድ ነው፤ አንቺ ሌላውን አጥኚ» እንላታለን። ከዚህም ባሻገር «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የቆየ አባባል በጆሮዋ ይደርሳል። ልጅቱም ደብተሯን አጥፋ ትነሣለች። እንዲህ የተዘጋ ደብተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደገና አይከፈትም።

ነገር ግን ይህችው እናት የዕቁቧን ገንዘብ በቃሏ ታሰላለች። ገበያ ወርዳ በያዘችው ብር የሳምንቱን አስቤዛ አብቃቅታ ትመለሳለች። መሶብ ስትሰፋም ስፌቱን በሐሳቧ ቆጥራ፣ ሐረጉ ዞሮ ዞሮ ከተነሣበት ቦታ ላይ እንዲገጥም ታደርጋለች። ይህ ሁሉ ሒሳብ አይደለምን? ታዲያ ሒሳብ የወንድ ነው የሚለው ከየት መጣ?

አንድ ሌላ ጥያቄ ደግሞ እንጨምር። በቤታችን ወይም በጎረቤታችን መስማት የተሳናት ሕፃን ብትኖር ምን እናደርጋለን? ከእኩዮቿ ጋር ትምህርት ቤት እንልካታለን ወይስ «ምን ትሰማና ትማራለች» ብለን ከጓዳ እናስቀራታለን?

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ባንድነት የሚመልስ የአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ ስላለ በዛሬው ዓምዳችን ልናካፍላችሁ ወደድን። እኚህ ሴት እንግሊዛዊቷ የሒሳብ ሊቅ ዶክተር ካትሊን ኦለረንሾ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ጆሮ የማይጠይቅ ትምህርት

ካትሊን ቲምፕሰን የተወለደችው በ1912 በማንቸስተር ከተማ ነው። ማንቸስተር በሰሜን እንግሊዝ የምትገኝ፣ በጥጥ ፈትልና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ ስሟ የተጠራ ከተማ ናት። አያቷ ዊልያም ቲምፕሰን በጫማ ንግድ የታወቁ ሰው ስለነበሩ ቤተሰቡ የሚቸገር አልነበረም። ይሁን እንጂ ካትሊን ስምንት ዓመት ሲሆናት መስማት እየተሳናት መሄዱ ታወቀ። ሕመሙ በዘር የሚወረስ ዓይነት ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ምንም ያህል የማትሰማ ሆነች።

ወላጆቿ ግን ከትምህርት አላስቀሯትም። ልጅቱ የሰውን የከንፈር እንቅስቃሴ እየተመለከተች ንግግርን መረዳት ተማረች። ይህ ዘዴ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም። የሚናገረው ሰው ፊቱን ወደ ሌላ ካዞረ ወይም አፉን በእጁ ከሸፈነ ንግግሩ ወዲያው ይቋረጣል። ታሪክ ወይም ሥነ ጽሑፍ በሚነገርበት ክፍል ውስጥ መስማት ለማይችል ልጅ ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

ሒሳብ ግን የተለየ ሆኖ ተገኘ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጉዳዩ ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። አንዱ መስመር ከሌላው እንዴት እንደመጣ ዓይን ካየና ልብ ካስተዋለ ጆሮ ባይሰማም ግድ የለም። ካትሊን መስማት አለመቻሏ ብዙ የማይጎዳትን ትምህርት በዚህ አገኘች፤ አጥብቃም ያዘችው። በስኮትላንድ በሚገኘውና በዚያን ጊዜ የልጃገረዶች በነበረው የቅዱስ ሌናርድ ትምህርት ቤት ቆይታ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሰመርቪል ኮሌጅ ገባች። ሰመርቪል በዚያን ጊዜ የሴቶች ኮሌጅ ነበር። በኦክስፎርድ ሳለች ሒሳብ ከማጥናቷ ሌላ በበረዶ ላይ ለሚካሄደው የሆኪ ጨዋታ ዩኒቨርሲቲውን ወክላ ተሰልፋለች። እንግዲህ ጆሮዋ አይሰማም ተብላ ከቤት የምትውል ልጅ እንዳልነበረች ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከጥጥ ምርምር እስከ ዶክተርነት

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ካትሊን ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው ሸርሊ ኢንስቲትዩት በተባለው የጥጥ ምርምር ተቋም በስታቲስቲክስ ሥራ ተቀጠሩ። በ1939 ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን፣ በሕፃንነት አብሯቸው የተማረውን ዶክተር ሮበርት ኦለረንሾን አገቡ። ያ ዓመት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተነሣበት ነው። ባለቤታቸው የጦር ሠራዊት ቀዶ ሐኪም ስለነበሩ ለሥራ ርቀው ሄዱ። ወይዘሮ ካትሊንም በ1941 የተወለደውን የመጀመሪያ ልጃቸውን ይዘው ቀሩ።

በዚህ አስቸጋሪ ወቅት ነበር ወደ ምርምር የተመለሱት። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት፣ ከናዚ ጀርመን የተሰደዱት የሒሳብ ሊቅ ኩርት ማህለር ገና ያልተፈታ አንድ ጥያቄ ሰጧቸው። እርሳቸውም ፈቱት።

የጥያቄውን ባሕርይ በምሳሌ ብንገልጸው ይሻላል። በጉልት ብርቱካን የምትሸጥ ሴት ፍሬዎቹን ስትደረድር፣ አንዱ ከሌላው ተጠጋግቶ ብዙ ፍሬ በትንሽ ቦታ ላይ እንዲቀመጥ አድርጋ ነው። አሁን ደግሞ በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ እንደ ጥለት እየተደጋገሙ የሚሄዱ ነጥቦች አሉ እንበል። በአንደኛው ነጥብ ላይ አንድ የታወቀ ቅርጽ ብናስቀምጥ ቅርጹ ሌላ ነጥብ ሳይውጥ ነጥቦቹ ምን ያህል ሊቀራረቡ ይችላሉ? ወይዘሮ ካትሊን የተመራመሩት በዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ላይ ነው። በዚሁ መስክ አምስት የምርምር ጽሑፎች አዘጋጁ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲም ጽሑፎቹን መርምሮ፣ ሌላ የመመረቂያ ድርሰት ሳይጠይቅ በ1945 የዶክተርነት ማዕረግ ሰጣቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እስከዚህ ጊዜ ድረስ ዶክተር ካትሊን በአግባቡ የሚሠራ የመስሚያ መሣሪያ አልነበራቸውም። መሣሪያውን ያገኙት በ1949፣ በ37 ዓመታቸው ነው። ይህ ማለት ዩኒቨርሲቲ የገቡት፣ የተመረቁት፣ ትዳር የያዙት፣ ሁለት ልጆች የወለዱትና ዶክተር የሆኑት የሰውን ከንፈር እያዩ ነው።

ቁጥር ይዞ ወደ ምክር ቤት

ብዙ ሊቃውንት በዚህ ደረጃ ሲደርሱ በመጻሕፍቶቻቸው መካከል ተቀምጠው መቅረትን ይመርጣሉ። ዶክተር ካትሊን ግን በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ በትርፍ ሰዓት እያስተማሩ ዓይናቸውን ወደ ከተማቸው ልጆች መለሱ። በጦርነቱ ማግሥት የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ያረጁና የተጎሳቆሉ ነበሩ። ይህን ማንም ሰው ያየዋል፤ ያማርራልም። እርሳቸው ግን ከማማረር አልፈው መቁጠር ጀመሩ። ስለ ሕንፃዎቹ ዕድሜና ይዞታ አኃዝ እየሰበሰቡ በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ አቀረቡ።

እንዲህ ያለው ስሌት ምን ያህል ኃይል እንዳለው በቀላል ምሳሌ እንመልከት። በአንድ ከተማ ውስጥ 100 ያረጁ ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል። አስተዳደሩም «በየዓመቱ ሁለት ሁለት እየሠራን ነው» ብሎ ቢናገር ሰሚው ደስ ይለዋል። ነገር ግን 100ን ለሁለት ስናካፍል 50 ይሆናል። እንግዲህ የመጨረሻው ትምህርት ቤት የሚታደሰው ከ50 ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው። ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባች ሕፃን በዚያን ጊዜ የልጅ ልጅ ታያለች። ይህን ለማወቅ የአራተኛ ክፍል ማካፈል ይበቃል። የሚያስፈልገው ግን ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው ነው።

ዶክተር ካትሊን በ1956 ከረሾልም ቀበሌ ተመርጠው በወግ አጥባቂው ፓርቲ ስም የማንቸስተር ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኑ። እስከ 1981 ድረስም ለ25 ዓመታት አገለገሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የምክር ቤቱን የትምህርት ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መርተዋል፤ ከ1975 እስከ 1976ም የከተማዋ የክብር ከንቲባ ሆነዋል። ስለ ልጃገረዶች ትምህርትም በ1960ዎቹ መጻሕፍት አሳትመዋል። ለትምህርት ባበረከቱት አገልግሎት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ «ዴም» የተባለው የእንግሊዝ የክብር ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል። በ1980ዎቹም ለአገራቸው መንግሥት በትምህርት ጉዳይ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ በተለይ አንዱ ሳይነሣ አይታለፍም። በ1973 በማንቸስተር የሰሜን ሮያል የሙዚቃ ኮሌጅ እንዲቋቋም ዋና ግፊት ካደረጉት ሰዎች አንዷ እርሳቸው ናቸው። አስቡት! ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ሴት ሌሎች ሰዎች ሙዚቃ እንዲማሩ ኮሌጅ አቋቋሙ። ለራስ የቀረን ነገር ለሌላው ማድረስ ማለት ይህ ነው።

ከቤተሰብ ጋር የሚሞከር ሒሳብ

ዶክተር ካትሊን በምክር ቤት ሥራ ተጠምደውም ሒሳብን አልተዉም። ከ1978 እስከ 1979 የእንግሊዝ የሒሳብና የተግባራዊ ሒሳብ ኢንስቲትዩት ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1980ም ልጆች ሁሉ እያዞሩ የሚጫወቱበትን ባለ ስድስት ቀለም የሩቢክ ኪዩብ፣ በአማካይ 80 ጊዜ በማዞር እንዴት ወደ ቦታው መመለስ እንደሚቻል የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ። ኪዩቡን አብዝተው ከማዞራቸው የተነሣ አውራ ጣታቸው ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና እንዳስፈለገው ይነገራል።

ይበልጥ የታወቁት ግን «አስማታዊ ካሬ» በሚባለው የቁጥር አደራደር ነው። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ከጥንቆላ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እስቲ የሚከተሉትን አራት መስመሮች በወረቀት ላይ ገልብጡና ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት።

7   12   1   14
2   13   8   11
16   3   10   5
9   6   15   4

ከ1 እስከ 16 ያሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ጊዜ ገብተዋል። አንዱን መስመር ወደ ጎን ብትደምሩ 34 ይሆናል። ወደ ታች ብትደምሩም 34፣ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ብትደምሩም 34 ነው። ከዚህም በላይ ጎን ለጎንና ከላይና ከታች የተቀመጡ አራት ቁጥሮችን፣ ለምሳሌ 7፣ 12፣ 2 እና 13ን ብትደምሩ አሁንም 34 ታገኛላችሁ። ይህ ካሬ በሕንድ አገር ኻጁራሆ በተባለ ቦታ በሚገኝ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ላይ ተቀርጾ ይታያል።

ባለ አራት መስመር የሆኑ አስማታዊ ካሬዎች በጠቅላላ 880 መሆናቸውን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ፍሬኒክል ደርሶበት ነበር። ዶክተር ካትሊን ከሊቁ ኸርማን ቦንዲ ጋር ሆነው ቁጥሩ በእርግጥ ይህን ያህል ስለመሆኑ በ1982 ማስረጃ አቀረቡ። ከእነዚህ መካከል ከላይ እንዳየነው ያሉት፣ ማለትም አራት አራቱ ሁሉ እኩል የሚደመሩትና ሌላም ተጨማሪ ሥርዓት የሚጠብቁት «እጅግ ፍጹም» ይባላሉ። ባለ አራት መስመሮቹ 48 ብቻ ናቸው። ባለ ስምንት መስመር ሲሆኑ ግን ቁጥራቸው ወደ 368,640 ያድጋል። መስመሩ በጨመረ ቁጥር ደግሞ አንድ በአንድ ጽፎ መቁጠር ፈጽሞ የማይሞከር ይሆናል።

ታዲያ ምን ተደረገ? ዘዴው ለባልትና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ቤት ሙሉ እንግዳ መጥቶ ሰዎቹ ወዲያ ወዲህ ቢሉና መቁጠር ቢያስቸግር፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ስኒ አድሎ ስኒውን መቁጠር ይቻላል። ስኒው ስንት እንደሆነ ከታወቀ እንግዳውም ስንት እንደሆነ ታወቀ። ዶክተር ካትሊንም ለማስቆጠር ለሚያስቸግረው ለእያንዳንዱ እጅግ ፍጹም ካሬ፣ ለመቁጠር የሚቀል አንድ ሌላ የካሬ ዓይነት እንደሚጣመድለት አሳዩ። በዚህም መስመራቸው ምንም ያህል ቢሆን የካሬዎቹን ብዛት የሚያስገኝ ቀመር ተገኘ። ይህን ሥራ ከዴቪድ ብሬ ጋር በመጽሐፍ ያሳተሙት በ1998 ሲሆን በዚያን ጊዜ 85 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ሰማይን ለሁሉም

በእርጅና ዘመናቸው ዶክተር ካትሊን ከቁጥር ሌላ ከዋክብትን በመመልከት ይደሰቱ ነበር። ሙያቸው የሥነ ፈለክ ምርምር አልነበረም፤ እንዲሁ በፍቅር የሚያደርጉት ነው። ከማንቸስተር የሥነ ፈለክ ማኅበር የክብር አባልነት አግኝተዋል። ይህ ማኅበር ሊቁም ተራው ሰውም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም በአንድነት ሰማይን የሚመለከትበት ነው። ያላቸውን የከዋክብት መመልከቻ መነጽርም ለላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በዚያም የተቋቋመው የከዋክብት መመልከቻ ቤት በስማቸው ተሰየመ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ሁሉ ስንተርክ ሕይወታቸው ሐዘን ያልነካው እንዳይመስላችሁ። ሁለቱም ልጆቻቸው ከእርሳቸው ቀድመው ዐረፉ፤ ባለቤታቸውንም በሞት ተነጠቁ። ልጅን ቀብሮ መኖር ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። እርሳቸው ግን ከዚያም በኋላ ሥራቸውን አላቋረጡም። በ2004 የሕይወት ታሪካቸውን መጽሐፍ አሳተሙ። በኦገስት 2014 በ101 ዓመታቸው አረፉ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንውሰድ?

አንዳንዶቻችሁ፣ «እርሳቸው ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወልደው፣ ኦክስፎርድ ተምረው ነው፤ የእኛ ልጅ በምን ዕድሏ?» ትሉ ይሆናል። አነጋገራችሁ እውነትነት አለው። የቤተሰባቸው ኑሮ እንደረዳቸው መካድ አይቻልም። ዳሩ ግን ልብ በሉ፤ በዚያን ዘመን ሀብታም ሆኖ ሴት ልጁን፣ ያውም መስማት የተሳናትን፣ ሒሳብ እንድታጠና የማይልክ ሞልቶ ነበር። ገንዘብ የማይጠይቀው ዋናው ነገር ወላጆቿ «አትችልም» ብለው አለመፍረዳቸው ነው። ይህ ደግሞ በደሃ ቤትም ይቻላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባችኋለን። አንደኛ፣ ሴት ልጃችሁ ሒሳብ ሲያስቸግራት «የወንድ ነው» አትበሏት። እናንተ ራሳችሁ ባታውቁት እንኳ አጠገቧ ተቀምጣችሁ፣ «እስቲ እንዴት እንደሠራሽው አስረጂኝ» ብትሏት ስታስረዳችሁ ስሕተቷን ራሷ ታገኘዋለች። የገበያውን ሒሳብ ከእናንተ ጋር እንድታሰላ አድርጓት፤ ወንድሟንም እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ ልጃችሁ ስትጠሯት የማትዞር፣ በትምህርት የምትሰንፍ ከሆነች «ግትር ናት» ከማለታችሁ በፊት ጆሮዋን አስመርምሩ። መስማት የተሳናት ሆና ብትገኝም በቤት አትደብቋት። ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ አፋችሁን ሳትሸፍኑ አነጋግሯት። አስተማሪዋንም ከፊት ወንበር እንዲያስቀምጧት፣ የሚሉትንም በሰሌዳው ላይ እንዲጽፉላት ለምኑ። የምልክት ቋንቋ የሚማሩበት ቦታ ካለ አብራችሁ ተማሩ።

ሦስተኛ፣ በአካባቢያችሁ ያላማራችሁ ነገር ሲኖር ቆጥራችሁ አቅርቡ። «የልጆቻችን ክፍል ተጨናንቋል» ከማለት፣ «በአንድ ክፍል ይህን ያህል ልጆች አሉ፤ ወንበሩ ግን ይህን ያህል ነው» ብሎ በወላጆች ስብሰባ ላይ መናገር ይበልጥ ይሰማል። ዶክተር ካትሊን ወደ ምክር ቤት የወሰዷቸው መንገድ ይኸው ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ራት ከተበላ በኋላ ከላይ ያለውን ባለ 16 ቁጥር ካሬ ልጃችሁ ፊት አስቀምጡ። እናንተም አብራችሁ ደምሩ። ድምሩ 34 የሚሆንባቸውን መንገዶች ሁሉ እንድትፈልግ ንገሯት፤ ስንት እንዳገኘችም ጠይቋት። ምናልባት እናንተ ሁለት ስታገኙ እርሷ አሥር ታገኝ ይሆናል። በዚያን ጊዜ፣ ተዘግቶ የነበረው ደብተር እንደገና ሲከፈት ታያላችሁ።